ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጃገረዶች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ሬዲዮ በቦሊቪያዋ ከተማ በኮቻባምባ ገበያ ድምፅ ማጉያዎች ሲለቀቅ፣ አንዲት ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ስቱዲዮ ወዳደረግነው ክፍል ብቅ ይላሉ። ሁለቱ ረጃጅም ሽሩባዎቻቸው ጀርባቸው ላይ በጥቁር ክር ተያይዘዋል። እጃቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ታቅፈው ነው የሚመጡት። የውጭው ጫጫታ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን። እሳቸው ባይኖሩ የልጆቹ ወሬ ከሽንኩርት ሻጮቹ ጩኸት ጋር ተደበላልቆ ይቀር ነበር።

በምላሹ የሚፈልጉት አንድ የልደት ሰላምታ ብቻ ነው።

«ለማን እንበል፣ እማማ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላት ልጅ።»

ባለፈው ቅዳሜም አሥራ ሁለት ሞልቷት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም። ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ግራ ገባኝ። የልጅ ልጃቸው ናት? ሞታባቸው ይሆን? ወይስ ቁጥር ተምታቶባቸው ነው? ሰላምታው ሲነገር ደግሞ ውጭ ድምፅ ማጉያው ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ይሄ ጭራሽ አደናገረኝ።

ዛሬ ትንሿ የፕሮግራም አቅራቢያችን ዋራ አላስቻላትም። «እማማ፣ ምናለ ይዘዋት ቢመጡ? እዚሁ ቁጭ ብላ ታውራ!» አለችና ማይክሮፎኑን ወደሳቸው አዞረችው።

ሴትዮዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሽሩባቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው በእጃቸው ሸፈኑት።

«ልጄ፣ ያኔ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዝም በይ ተብላለች» አሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ለጊዜው ትስማ።»