ለተቀጡ ሾፌሮች የተሰጠ ትምህርት

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አራት ነን። ስም አልጽፍም፤ ከአራታችን አንዱ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል። አንደኛ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር በአይሱዙ ድንች የሚያመላልሱ ሽማግሌ ሾፌር፤ ሁላችንም አያ እንላቸው ነበር። ሁለተኛ፣ አራዳ ጨርቅ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ፤ ፒክአፑን የሚነዳው ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ አሰልጣኛችን፤ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ የሁላችንንም ኮምፒውተር የምታይ ሴት። አራተኛው እኔ ነኝ። ከፒያሳ አዘዞ ሚኒባስ እነዳ ነበር።

ከአሰልጣኟ በስተቀር ሁላችንም የተቀጣን ነን። መንጃ ፈቃዳችን ተይዟል፤ የተሐድሶ ስልጠና ወስደን ወረቀት ካላመጣን አይመለስም። ስልጠናው ደግሞ በኢንተርኔት ሆኗል ተባልን። ይህ ማለት ቤታችን ተቀምጠን እንማራለን ማለት አልነበረም። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ፒያሳ አጠገብ አንድ ፎቅ ላይ ወጥተን፣ መብራት ካለ፣ መብራት ካለም ኢንተርኔቱ ከመጣ እንማራለን።

ነጋዴው የተቀጣው የወንድሙን ሰርግ ሲያጅብ ከአራዳ እስከ አዘዞ ሳያቋርጥ ክላክስ በማድረጉ ነው። «ሙሽራ በዝምታ ይሄዳል እንዴ? ለቅሶ መሰላቸው?» ይል ነበር። እኔ ያልተቆራረጠ መስመር አልፈህ ቀድመሃል ተብዬ ነው። በማግስቱ ቦታው ድረስ ሄጄ በእርምጃ ለካሁት። የመስመሩ ቀለም ከአርባ ሁለተኛው እርምጃ በኋላ ጠፍቷል። እኔ ያለፍኩት ግን ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስለነበር አልተከራከርኩም።

የአያ ወረቀት «መሪ ለቆ ማሽከርከር» ይላል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፉ ሁለት እጃቸውን አንስተው፣ አማትበው፣ አጎንብሰው ሲሳለሙ መኪናው ቀስ ብሎ ሄዶ የቆመ ጋሪ ገጨ። ጋሪው ባዶ ነበር፤ ፈረሱም ተፈትቶ ሣር ይግጥ ነበር።

«መሪውን አልለቀቅሁም» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «ለእመቤቴ አደራ ሰጥቻት ነው።»

«ታዲያ ጋሪውን ማን ገጨው?» አለ ነጋዴው።

«ያን ጊዜማ ተረክቤያት ነበር።»

አይሱዙው የአያ አይደለም። ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ ገበያ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ መሪውን ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። አያ ይህን የነገሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየጠዋቱ ገብተው ገና ሳይቀመጡ «ዛሬ ማነው?» ብለው ቀኑን ይጠይቁ ነበር።

ትምህርቱ ሰኞ ተጀመረ። ገጽ ይመጣል፣ ይነበባል፤ «ቀጥል» የሚለው ግን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አይሠራም። ኮምፒውተር የተማርኩት ብቻዬን ስለሆነ ምንም ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ ቢሆንም አንዱን ገጽ በአንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ እጨርሰው ነበር። በቀረኝ ጊዜ ማውሱን ገልብጬ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነባለሁ። ለአያ ሦስት ደቂቃ አይበቃቸውም። ፊደል የቆጠሩት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ ገጹንም እንደ ዳዊት በዜማ ነበር የሚያነቡት። «መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትደርስ ፍጥነትህን ቀንስ» የሚለውን ሲያዜሙት ነጋዴው ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

አሰልጣኟ አንድ ቀን «አያ፣ በልብዎ ያንብቡ» ብትላቸው፣ «በልቤ ካነበብሁትማ ማንበቤን ማን ይመሰክርልኛል?» አሏት።

ፈተናው ሐሙስ ነበር። የጽሑፉን ጥያቄ ሦስታችንም አለፍን። ከዚያ ቪዲዮ አለ፤ ከመኪና የፊት መስታወት ጀርባ ሆኖ የተቀረጸ የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው። አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ሲታይ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ረጅሙን ቁልፍ መጫን ነው። ስድስት አደጋ አለ፤ አምስቱን ያገኘ ያልፋል። ሦስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። በሦስተኛው የወደቀ ትምህርቱን በሚቀጥለው ሰኞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለአያ ሰኞ ማለት ከቅዳሜ በኋላ ነው።

ቪዲዮው የተቀረጸው በራሳችን መንገድ ላይ ነው። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ነጋዴው ግን መንገድ የምታቋርጥ ሴት ሲያይ «ደንበኛዬ እኮ ናት! ሻሹን ከእኔ ነው የገዛችው!» ሲል ቁልፉን ረሳ። ቢሆንም አምስት አገኘ። እኔ ስድስቱንም አገኘሁ። አያ አራት።

ሁለተኛ ሞከሩ። አሁንም አራት። በዚህኛው ከኋላቸው ቆሜ እመለከት ነበር። ዓይናቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ከመንገዱ ዳር ጢሻ ውስጥ የነበረችውን ፍየል ከእኔ ቀድመው አይተዋታል። ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ላይ በስተግራ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል። አያ እጃቸውን ከቁልፉ ያነሳሉ፣ ያማትባሉ፣ ያጎነብሳሉ። ቀና ሲሉ ከቆመው አውቶቡስ ኋላ የወጣው ባለ አህያ መንገዱን ተሻግሮ ጨርሷል። አራት ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ የሚያመልጣቸው ብስክሌት ነው።

«አያ፣ ምነው? ይሄ እኮ ሥዕል ነው» አለች አሰልጣኟ።

«ሥዕል አይሳለሙም?»

ነጋዴው ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ።

«እኔ ልንገርዎ። ፒክአፕ ሳልገዛ ከክርስቲያን ሾፌር አጠገብ ተቀምጬ ስንት ዓመት ጨርቅ አመላልሻለሁ። እሱ ሲሳለም መንገዱን የምመለከትለት እኔ ነበርኩ። ከዚህ እስከ ደባርቅ ያለውን ደብር አንድም አልስትም። አሁንም እርስዎ ያጎንብሱ፤ ቁልፉን እኔ እጫናለሁ።»

«እሱማ ማጭበርበር ነው» አለች አሰልጣኟ።

«መንገድ ላይ ሲሆንስ ምን ይባላል?»

«መንገድ ላይ ሲሆን አደጋ ይባላል። ገጽ ዘጠኝን አላነበብክም?»

አያ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ዛሬ ማነው?» አሉ። ሐሙስ መሆኑን ጠዋት ነግረናቸዋል።

እኔ ብዙ አልናገርም። የዚያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ማጣራት ፈለግሁ።

«አያ፣ መኪና ሳይጀምሩ በምን ነበር የሚሄዱት?»

«በበቅሎ። ሸጋ በቅሎ ነበረችኝ።»

«በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙ እንዴት ነበር የሚሳለሙት?»

«ወርጄ ነዋ!» አሉ ተቆጥተው። «በቅሎ ላይ ተቀምጦ ማን ይሳለማል? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ከመኪናስ ይወርዳሉ?»

አያ አዩኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አዩ። ከዚያ እንደገና እኔን።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ነው የተሳለምሁ።»

«ሥራ ላይ ነበሩ፤ ይታለፍልዎታል» አለ ነጋዴው። አያ አልሳቁም።

አሰልጣኟ ሦስተኛውን ሙከራ ልትከፍት ስትል በእጃቸው አስቆሟት። ከወንበሩ ተነሱ። የመጀመሪያዋ ደብር የማን እንደሆነች ጠየቁ፤ የነገራቸው ነጋዴው ነው። ሁለተኛዋንም እሱ ነገራቸው። አያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቪዲዮው ገና ወዳልተከፈተው ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ አጎነበሱ፤ ለእያንዳንዷ አንድ አንድ። ከዚያ ተቀመጡና «ክፈቺው» አሉ።

ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ላይ ጣታቸው ከቁልፉ አልተነሳም። ባለ አህያውን ገና አህያው ጆሮውን ብቅ ሲያደርግ ያዙት። ብስክሌቱንም ያዙት። ስድስት ከስድስት። ነጋዴው ክላክስ ስላልነበረው በአፉ ነፋላቸው፤ አሰልጣኟ ድጋሚ እንዳይቀጣ ነገረችው።

ዓርብ መንጃ ፈቃዳችንን ተቀበልን።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዐሥራ አንድ ሰው ጭኜ ስመጣ፣ በተቃራኒው በኩል መንገዱ ተዘግቷል። የአያ አይሱዙ ድንች እንደተጫነ፣ ፍሬቻው እየበራ፣ የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደተማርነው ነው። አያ ወርደው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት አጎንብሰዋል። አልቸኮሉም። የሠላሳ አንድ ዓመቱን ይመስላል። የቆሙበት ቦታ መንገዱ የሚጠብበት፣ መቆም ክልክል ነው የሚል ምልክት ያለበት ነው፤ ምልክቱ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ ነበር። ከኋላቸው ዘጠኝ መኪና ቆጠርኩ። ስምንቱ ክላክስ ያደርጋሉ። ሦስተኛው ጣቃ ጨርቅ የጫነ ፒክአፕ ነው፤ እሱ ብቻ ጸጥ ብሏል።

ትራፊኩ ከታች በኩል በእግሩ እየመጣ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ እሱም ቆመ፤ ኮፍያውን አንስቶ ተሳለመ። ከዚያ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን አላየሁም። ሁለት እጄ መሪው ላይ፣ ዓይኔም ወደ ፊት ነበር። በዚያው ወር ወደ ጠዳ መስመር ስለተዛወርኩ አያን ደግሜ አላገኘኋቸውም።

ስለዚህ አንተ ነጋዴው፣ ሦስተኛው መኪና ውስጥ ስለነበርክ አይተሃል። ትራፊኩ ጻፈ ወይስ ደብተሩን መለሰው? ጻፈ ከሆነስ ምን ብሎ? አሰልጣኛችን፣ አያ ተመልሰው ክፍልሽ መጥተው እንደሆነ ንገሪኝ፤ ከመጡ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደደረሱም ጨምሪበት። ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረ ሌላ ሰው ካለም የተሳሳትኩትን ያርመኝ። ዘጠኝ መኪና ያልኩት ባጃጇን ሳልቆጥር ነው።