ሽማግሌ የተላከላት መኪና

ከጁምዓ ሰላት መልስ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን ሲያንኳኩ ለሴቷ ልጄ የመጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ልጅቷ ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም፣ ቤቱም አልተጠረገም። አሰላሙ ዓለይኩም ብለው ገብተው ተደርድረው ተቀመጡ። የሰፈራችን ሸህ፣ ባለቤቴን አጥበው የቀበሩት፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣

"የምንለምንሽ ሐጃ ይዘን ነው የመጣነው" አሉ።

"ይናገሩ አባቴ።"

"ልጅሽ ልኮን ነው። ወንዱ። አንዲት ልጅ ጓሮሽ ቆማለች አሉ። ዝናብ ይመታታል፣ ፀሐይ ይመታታል፣ የሚያያት የለም። እንዲህ ሆና ከምታረጅ ብንድራት ምን ይመስልሻል?"

አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሳቃቸውን ሲውጡ አየሁ። ያኔ ገባኝ። መኪናዋን ነው። የገዛ ልጄ የአባቱን መኪና ቁልፍ ለመጠየቅ ለኔ ለእናቱ ሽማግሌ ላከብኝ።

መኪናዋ አሮጌ ፎርዊል ፒክአፕ ናት። ባለቤቴ ከደሴ ዙሪያ ገጠር ድንችና ጎመን እየጫነ እዚህ ሰፈራችን ሆጤ ለሚቸረችሩ ሴቶች ያራግፍባት ነበር። እኛ ሳንገዛት በፊት የኋላ አክስሏ ተሰብሮ የሌላ መኪና አክስል ስለገጠሙላት የእጅ ፍሬን አልነበራትም። ዘንጉ አለ፣ ሲጎትቱት ግን ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ስንቆም እሱ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ታኮ እንለዋለን። ታኮ የምወሽቀው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። "አስገባሁ!" ስለው ነው የሚወርደው። ደሴ ደግሞ አገሩ ሁሉ ዳገት ነው።

እሱ የሞተ ቀን እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፣ እሱ ብቻውን ወጣ። ዳገት ላይ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን አጠፋና ታኮ ሊያደርግ ወርዶ ከኋላዋ ጎንበስ አለ። ማርሹ ለቀቀ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ ስለነበር መኪናዋን የሚያነሳም አልነበረም። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ቤት ተመለሰና ጓሮ ጓሮውን ማየት ጀመረ። ሲጠይቀኝ እቆጣዋለሁ፣ ሲለምነኝ አለቅሳለሁ። በመጨረሻ ዝም አለ። ዝም ሲል የበለጠ ፈራሁት።

ሸሁም ቀልዱን ተዉና የፈራሁትን ተናገሩ። "ሐርቡ ያሉት ጓደኞቹ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ልጅሽም ልቡ ተነስቷል። እኔ ስለ መኪና ልለምንሽ አልመጣሁም፣ ይህ ልጅ አገሩ ላይ የሚቆምበትን ነገር ፈልጊለት ልልሽ ነው።"

በባሕር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ሰፈር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከሄዱት ውስጥ ስልካቸው ሳይነሳ የቀረ አሉ። እናቶቻቸውን ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም አያቸዋለሁ፤ ሰደቃም አያወጡ፣ ተስፋም አይቆርጡ።

ሽማግሌ ደግሞ እምቢ አይባልም። ተጨነቅሁና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ደሴ ያለውን መካኒክ ሁሉ ጠይቆ፣ ለዚህ አክስል የእጅ ፍሬን አይገኝም ተብሎ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ቀና አልኩና፣ "እሺ። የእጅ ፍሬን ያስገጥምላት። ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ሐረጎ ዳገት ላይ በጭነት አቁሟት ያለ ታኮ ካልተነቃነቀች፣ ወላሂ ቁልፉን በእጄ እሰጠዋለሁ" አልኩ።

"ተስማማች!" አሉ ሸሁ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። "እጃችሁን አንሱ።" ዱዓ ተደረገ። እኔም አሚን አልኩ። ሲወጡ ልጄ በር ላይ ቆሞ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ።

የማይሆን ነገር የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካው አካባቢ የሚያውቀውን መካኒክ ይዞ መጣ። ሰውዬው መኪናዋ ሥር በጀርባው ገብቶ ሲወጣ፣ "አክስሉን ተዉት፣ እሱን አንነካውም። ከካምቢዮው ኋላ እናስርላታለን" አለ። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ አለመኖሩ ግን ገባኝ።

ያለ እጅ ፍሬን ሐረጎን አትወርድም አልኩ። ወደ ኮምቦልቻ ጋራዥ በጭነት መኪና ላይ ጫኗት። ስትወጣ አንዷ ጎረቤቴ ከበሯ ላይ ሆና፣ "እልልል! ሙሽሪት ሄደች፣ እናቷስ ጥሎሽ ተቀበለች ወይ?" ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ የሆንኩትን እኔ አውቃለሁ።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሙቀቱ ከደሴ ሌላ ነው። ጋራዡ ውስጥ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ቆማ ልጄና መካኒኩ ከሥሯ ናቸው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ የሙሽሪት እናት!" አለኝ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ልጄ ሁሉንም ነግሮታል ማለት ነው። "ይምጡ፣ ልጅዎን ምን እንዳደረግናት ይዩ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከማርሹ ቤት፣ ከካምቢዮው ተነስቶ ወደ ኋላ እግሯ የሚሄድ ረጅም ብረት አለ። በዚያ ብረት መነሻ ላይ መካኒኩ ከተፈታ የጭነት መኪና ያመጣውን ክብ የፍሬን ታምቡር አስሯል። በውስጡ የፍሬን ሸራ አለ፣ ከሸራው አንድ ገመድ ወጥቶ ከሹፌሩ ጎን ካለው ዘንግ ጋር ይገናኛል።

"ጎማው ወዲያ፣ ፍሬኑ ወዲህ። ጎማውን ሳይነካ እንዴት ነው የሚይዘው?" አልኩት።

"ጎማውን የሚያዞረው ይሄ ብረት ነው፣ እናቴ። ብረቱ ከታሰረ ጎማው ወዴት ይሄዳል?"

"ቆይ። ይሄ የማይዝበት ጊዜ የለም?"

ልጄ፣ "እማ!" አለ። መካኒኩ ግን አልተቆጣኝም። "አለ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሱት አይዝም። የተነሳው ጎማ ባዶውን ይዞራል፣ መሬት ያለው ይንከባለላል። ጎማ ሲቀየር ታኮ ግድ ነው። ሌላው ደግሞ፣ እየሄደ እንዳይጎትተው፤ ከቆመ በኋላ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው አይዝም በለኛ!" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ። "በል ስማ ልጄ፣ አይዝም አለ።"

"እንደዚያ አላለም እኮ፣ እማ።"

"በክሪክ ካነሱት ነው ያልኩት፣ እናቴ። አብሽሪ። ልጅዎ እንዳይረሳው አሥር ጊዜ አስደግሜዋለሁ።" ሲያባብለኝ አንቺም እርስዎም ተምታተውበት ሳቀ።

የመጀመሪያው ገጠማ አልሆነም። በያጅ ያሠሩት፣ ታምቡሩን የሚይዘው ብረት ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር። ሞተር አስነስተው ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲያዞሯት ሸራው ከታምቡሩ እየታከከ ጮኸ፣ የተቃጠለ ነገርም ሸተተ። መካኒኩ ብሎኖቹን እየፈታ ከንፈሩን ነከሰ። ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እኔ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ወደ ደሴ ስወጣ ሆዴ ቀለል ብሎኝ ነበር። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ግን ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው ልጄ ፊቴ ድቅን አለ። እሱም ቢሆን የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። በመኪናዋ ባይሄድ በባሕር ነው። ለየትኛው መጸለይ እንደሚገባኝ ጠፋኝ።

የጠመመውን ብረት በማሽን ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወስደው እንደገና ሠሩት። ሸሁ ደወሉልኝ። "ነገ ሐረጎ ላይ እንገናኝ። ቁልፉን እንዳትረሺ" አሉ። ለሥራው የሰጠሁት ትርፍ ቁልፍ መካኒኩ ዘንድ ነበር፣ ዋናውን ግን ከቡርሳዬ አውጥቼ አላውቅም።

ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ገበሬዎቹ ማሳ የሚወጣ የጠጠር መንገድ አለ፣ ቀጥ ያለ ዳገት። መኪናዋ አሸዋ በጆንያ ተጭናለች። መካኒኩ እየነዳ መሐል ዳገቱ ላይ አቆማት፣ ዘንጉን ጎተተ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ማርሹን አወጣ። "ከኋላ ማንም እንዳይቆም!" ብሎ ጮኸና እግሩን ከፍሬኑ አንስቶ ወረደ።

እኔ ከመንገዱ ዳር ቁጢጥ ብዬ የኋላ ጎማውን አያለሁ። ማንም ከኋላዋ የለም። ትንሽ ብቻ ትሂድ አልኩ በልቤ። ያ ረቢ፣ ማንንም ሳትነካ፣ አንድ ክንድ ብቻ ወደ ኋላ ትሂድ። ጎማዋ ጠጠሩን ጨብጦ ቀጥ አለ። ነፋሱ የጆንያዎቹን ጠርዝ ያርገበግበዋል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሯት" አልኩ። አዞሯት። ቆመች።

"ግፏት።" ልጄና መካኒኩ ከኋላ፣ መንገደኛ ገበሬዎችም ከጎን ሆነው ገፏት። አንዱ ገበሬ፣ "የቆመችን መኪና እንድትሄድ እንግፋ ወይስ እንዳትሄድ?" ብሎ አሳቃቸው። አልሄደችም።

ሸሁ አጠገቤ መጥተው ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ሌላ ምን ቀረሽ?" አሉኝ።

ምንም አልቀረኝም። ቡርሳዬን ከፈትኩ። ልጄ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ቁልፉን አስቀመጥኩለትና እጁን ሳልለቅ ቆየሁ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ገበሬዎቹም ሳያውቁን አሚን አሉ። ሸሁና መካኒኩ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ለመጠበቅ ወረዱ።

ልጄ መኪናዋን ወደ ዳገቱ መልሶ አቆማት። "ግቢ እንጂ፣ እማ" አለኝ። ገባሁ። እሱ አባቱ ቦታ ተቀምጧል። ሞተሩን አስነስቶ ዘንጉን ሲለቅ፣ ወደ ፊት ከመሄዷ በፊት መኪናዋ ለቅጽበት ወደ ኋላ ሸርተት አለች። ጮህኩ። ክንዱን ይዤ ጮህኩ። ወዲያው ፍሬን ያዘና ዘንጉን ጎተተ። ቆመች።

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ሳየው ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። በሁለት እጁ መሪውን ጨብጦ ይዟል።

"እማ" አለኝ፣ "እኔም እኮ እፈራለሁ።"

ይህን ሁሉ ጊዜ የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እንባውን በክንዱ ጠረገ። ከኋላችን አንዲት ሴት አህያዋን እየነዳች መጥታ፣ መንገዱን ዘግተንባት ቆማ ጠበቀችን።

"ንዳ፣ ልጄ" አልኩት። "ቀስ ብለህ ንዳ።"