ጤፍ የሚያክል ብር

ትንሽ መዶሻ ብር ላይ ስታርፍ የምታሰማው ድምፅ ብርጭቆን በጥፍር ሲመቱት የሚሰማውን ይመስላል። ያ ድምፅ ወደ ጆሮዬ በተመለሰ ቁጥር ሁሉም በየቦታቸው ይቆማሉ፤ አባባ ከመስኮቱ ሥር በርጩማቸው ላይ፣ ወንድሜ ጀማል ጉጠት ይዞ በቀኛቸው፣ እማማ የጓዳውን በር ገርበብ አድርጋ፣ እንግዶቹ ደጃፉን ሞልተው፣ እኔ ከሁሉም ኋላ ከወናፉ ዘንድ።

አባባ ኮልፌ ውስጥ የታወቁ የብር አንጥረኛ ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ የሰፈራችን አስተማሪ ተማሪዎቻቸውን አምጥተው ሥራውን እንዲያሳዩላቸው ለመኗቸው፤ ከዚያ ወዲህ አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ለማንም ክፍት ያደርጉ ነበር። እማማ «የአባቶችዎን ሙያ ለመንገደኛ ይዘረግፉታል?» ስትላቸው፣ «እጃችንን ካዩ ስለ ዓይናችን ማውራት ይተዋሉ» ይሏት ነበር፤ አንጥረኛ ሁሉ ቡዳ ነው የሚል ጎረቤት አልጠፋም ነበርና።

በበጋ እንግዳው ይበዛ ነበር። አባባ የድሮ ማርትሬዛ ብር አቅልጠው፣ እንደ ጤፍ የደቀቁ የብር ፍሬዎች አውጥተው፣ በጉትቻ ላይ በወረንጦ ደርድረው፣ የኩራዙን ነበልባል በቀጭን የነሐስ ቧንቧ በአፋቸው እየነፉ ያጣብቋቸው ነበር። እኔ ከሰሉን በወናፍ ከማናፋት በቀር ያን ቧንቧ እንድነካ አልተፈቀደልኝም። በእኛ ዘንድ የአንጥረኛ ልጅ የምትዳረው ለአንጥረኛ ነው፤ ሙያውን ከተማረች የአባቷን እጅ ይዛ ሌላ ሰው ቤት ትገባለች ይባል ነበር። ጀማል ግን ይማር ነበር፣ እያዛጋ።

ክረምት ሲገባና ጭቃው እንግዳ ሲያስቀር፣ ጓሮ እሄድና ሸምበቆ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቼ ትንፋሼን እለማመድ ነበር። ምስጢሩ አየሩን በጉንጭ ይዞ፣ በአፍንጫ እየተነፈሱ፣ አረፋው ሳይቋረጥ ማቆየት ነው። ያን ከአባባ ጉንጭ አይቼ ነው ያወቅሁት። ክረምቱ ሲያበቃ አረፋዬ አይቋረጥም ነበር።

መስከረም ላይ፣ እንግዶች መምጣት በጀመሩበት ቅዳሜ፣ የአስተማሪው ልጅ ትርሲት ነጭ ካልሲ አድርጋ መጣች። እኩያዬ ነበረች። «ጋሼ፣ እኔም ልሞክር?» አለች። አባባ ሳቅ አሉና ቧንቧውን ሰጧት።

ሻማ እንደምታጠፋ እፍ ስትል ፍሬዎቹ ተበትነው ጀማል ሸሚዝ ላይ አረፉ። «ኧረ ጤፉን ዘራሽው!» አለ ጀማል፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባባ ግን ፍሬዎቹን እንደገና ደርድረው፣ ጉንጯን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «እዚህ ያዢው፣ የኔ ልጅ። በአፍንጫሽ ተንፍሺ» አሏት። የኔ ልጅ አሏት። ብዙ ሞክራ አንዲት ፍሬ ተጣበቀችላትና ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄ ከወናፉ ላይ ስላልተነሣ አላጨበጨብኩም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጉትቻዎቹን በሎሚ እያጠብኩ «ለእሷ ሰጧት። ለእኔስ፣ አባባ?» አልኳቸው። ፊታቸውን ከኩራዙ አላነሡም።

«ትርሲት እቤቷ ሳትደርስ ትረሳዋለች» አሉ። «አንቺ አትረሺም።»

ኋላ አስኮ ለአንጥረኛ ተዳርኩ፤ እዚያም ቤት ወናፍ አናፋሁ።

ባለፈው በጋ የልጅ ልጄ፣ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ የብር ሥራ ወደሚማሩበት ቤት ወሰደችኝ። ያኔ በቤታችን አንድ ቧንቧ ነበር፤ አሁን በየጠረጴዛው የጋዝ እሳት ይነዳል፣ የሚያነዱትም ልጃገረዶች ናቸው። ለማን ትዳሪያለሽ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። አንዷ የብር ፍሬዋን አቅልጣ አበላሸችና ስቃ ሌላ አነሣች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አስተማሪዋ ለማሳያ ከግድግዳው ላይ የሰቀለችውን አሮጌ የነሐስ ቧንቧ አውርዳ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። «እማማ፣ የአንጥረኛ ልጅ ነዎት አሉኝ። እስቲ ያሳዩን» አለች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጉንጬ ሳላዘው አየር ሞልቶ ነበር።

«ረስቼዋለሁ» አልኩና ቧንቧውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ።