ድምፅ የሌላት ቁልፍ

ታናሽ እህቴ የሁለተኛ ደረጃ ሙዚቃ አስተማሪ ናት። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ክፍላችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እኔ እዚህ ስለ ሦስት ማዕዘን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሳስረዳ፣ እሷ እዚያ የጎረምሳና የኮረዳ መዓት ታስጮሃለች። "ኧረ በፈጠረሽ ቀስ በይ" ስላት፣ "እታለም፣ አንቺም አብረሽ ዝፈኚ፤ ንዴቱ ይለቅሻል" ትለኛለች። እሷን ሰው ተቆጥቷት አይዘልቅም።

የትምህርት ቤቱ ፒያኖ ዕድሜ ጠገብ ነው። መሀል ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ቢነኳት ቢደበድቧት ድምፅ የላትም። አስጠግኑልኝ ብላ ደጅ ብትጠና ሰሚ አጣች። እህቴ ግን መላ አታጣም። "እዚያች ላይ ስንደርስ ፒያኖው ዝም ይላል፤ ስለዚህ ድምፁን እናንተ ስጡልኝ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ" ብላ ልጆቹን አስለመደቻቸው። እነሱም ዓመቱን ሙሉ እዚያች ቦታ ሲደርሱ ሳንባቸው እስኪወጣ ይለቁታል። የእኔ ተማሪዎች እንኳ ቁጥር እያባዙ ቦታዋን ያውቋታል።

ታዲያ ዘንድሮ ዳይሬክተራችን፣ ጥርሳቸውን አይተን የማናውቃቸው፣ እህቴን ቢሮ ጠሯትና "በወላጆች ቀን የረባ ነገር ካላሳዩ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል" አሏት። ለሒሳብ ማለት ለእኔ ነው። ያን ቀን ምሳዋን ሳትነካው ቀረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከሙዚቃ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ቀኑ ደረሰ። እንዳላፍር ብላ ከአንድ ዘመዳችን ደህና ኪቦርድ ተዋሰች፤ ሁሉም ቁልፍ የሚሠራ። ልጆቹ ክራቫታቸውን አስረው ተሰለፉ። ዘፈኑ ቀስ ብሎ ሲንቆረቆር ቆየና ያቺ ቦታ ደረሰች። ኪቦርዱም አሰማ፣ ልጆቹም እንደለመዱት ለቀቁት። አዳራሹ ተናጋ። ፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት እናት ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። የእህቴ ፊት በርበሬ መሰለ። እኔም በሆዴ "አለቀልን" አልኩ።

ከኋላ አንድ አባት ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከወንበር ወንበር ተጋባ። አዝማቹ ሲደገም ወላጆቹ ቦታዋን ለይተዋት ኖሮ አብረው ጮኹ። ሦስተኛው ላይማ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል። ዞር ብዬ ሳይ ዳይሬክተራችን አፋቸውን እስከ ጥግ ከፍተው ይዘፍናሉ። ለካ ጥርስ አላቸው!

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሙዚቃ ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሆናል።"

"ሁለተኛው ከየት መጥቶ?" አልኳቸው፤ መቼም አፌ አያርፍ።

"ከእርስዎ።"

እህቴ አቀርቅራ ሳቋን ትታገላለች። ለአንዲት ክፍለ ጊዜ ከሰው የምቧጨቅ ሴትዮ፣ "ይውሰዱት" ብዬ ሰው ሁሉ እያየ ጥምጥም አልኩባት።