የማይጮኽ ጉልበት

ወጌሻው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው በአንድ ሕግ ነው፦ ጣት ሲጫነው በሽተኛው የጮኸበት ቦታ፣ ጉዳቱ እዚያው ነው። ወለምታ ይጮኻል፤ ውልቃት ይጮኻል፤ ስብራትማ ሰፈር ያስነሳል። ያልጮኸ ደህና ነው።

ታናሽ ወንድሙ ቀለም ቀቢ ነው። አንድ ቀን ከመሰላል ሲወርድ እግሩ መሬት እንደረገጠ ተጠማዘዘና ከጉልበቱ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። አመሻሹ ላይ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ፣ በመጥረጊያ እንጨት እየተደገፈ ከወጌሻው ቤት ደረሰ።

ወጌሻው አግዳሚው ላይ አስተኛው። ቅባት አሸት አሸት አድርጎ፣ ከጉልበቱ ሎሚ ግራና ቀኝ፣ ከቋንጃው ሥር፣ ጅማት በጅማት ፈተሸ።

«እዚህስ?»

«ምንም።»

«እዚህጋስ?»

«ጋሼ፣ እየኮረኮርከኝ ነው እንጂ አያምም!»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው ቤቱን የምታሸብረው? ሚስትህ እኮ ልትቀብርህ ምንም አልቀራት!»

ተሳሳቁ። ወጌሻው ጠበቅ አድርጎ አሰረለትና፣ «ዕብጠቱ ሲጎድል ሥራህን ቀጥል» አለው።

ዕብጠቱ በሁለት ሳምንት ጎደለ፤ ወንድምየውም መሰላል ወጣ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው። ብሩሹን ሊነክር ዞር ሲል ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። በስድስት ወር ውስጥ ሦስቴ ወደቀ። በሦስተኛው ሚስቱ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ወጌሻውም ተከተለ።

ሐኪሟ ጉልበቱን አጥፋ፣ ቅልጥሙን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበች። ማቆሚያ እንደሌለው መሳቢያ ወጣላት።

«ከጉልበቱ መሃል፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይሸሽ የሚይዝ ጅማት አለ። እሱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል» አለች። «ጣት እዚያ አይደርስም።»

«ተበጥሶ ነው ታዲያ ያላመመው?» አለ ወጌሻው።

«በግማሽ የተቀደደው ነው ብዙ ጊዜ የሚጮኸው፣ አባባ። ጨርሶ የተበጠሰውን ምን ይወጥረዋል?»

ወጌሻው እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ቢሰፋስ?» አለች ሚስትየው።

«ጅማቱን መተካት ይቻል ይሆናል። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ ግን እየወደቀ ሲሠራበት ተፈጭቶ አልቋል፤ እሱን አንመልሰውም። መሰላሉን ይርሳው።»

ወንድምየው ያሰበው መሰላሉን ብቻ ነበር። ሌላ ሙያ የለውም።

በማግስቱ ወንድምየው መሰላሉን እየጎተተ ከወጌሻው ደጅ አደረሰው።

«ጋሼ፣ መጋዝህን አምጣ።»

«ለምኑ?»

«ለስብራት ማሰሪያ እንጨት ትፈልግ የለ? ይሄ ደርቋል፤ አይጣመምም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ይሥራበት።»

«ተወው እንጂ፣ ምናልባት...» ብሎ ጀመረ ወጌሻው። ከዚያ ገብቶ መጋዙን አመጣ።

ወንድምየው የበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ መሰላሉ እንዳይንሸራተት በደህናው እግሩ ረገጠለት። የታመመው እግሩ ጎኑ ተዘርግቷል። የታፋው ጡንቻ መንምኖ ሱሪው ሰፍቶታል። ወጌሻው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ዳሰሰ፤ ልማድ ነው።

«እዚህስ?»

«አያምም፣ ጋሼ።»

ወጌሻው መጋዙን አነሳ።