ከአራት ሦስት

መምህር ዘነበ ፈለቀ ሽብሩ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ወደ ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ተጠሩ። ቡሌ ተወልደው ዲላ ላይ ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። የተከሰሱት በአንድ ወረቀት ነው። ባለሱቁ ረሻድ ጨው የጠቀለለበትን የውጭ መጽሔት ገጽ አንብበው ለተማሪዎቻቸው፣ «አብረው የተፈጠሩ ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀው ሲለኩም መልሳቸው ይገጥማል» ብለው ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ ግዛቸው ይህን የምስጢር መላላኪያ ዘዴ ነው አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሰውን ከቤቱ ለዓመታት ይለይ ነበር።

«አንዱ ቡሌ፣ አንዱ ገደብ ከተማ ሆኖ ይነጋገራሉ ማለት ነው?»

«አይነጋገሩም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። በእርስዎው ዘዴ ላሳይዎት።»

ጓድ ግዛቸው ባልና ሚስትን እንኳ በየክፍሉ ለይተው ይጠይቁ ነበር፤ መልሱ ከገጠመ «ተማክረዋል» ይላሉ። መምህር ዘነበም ሊቀ መንበሩንና እኔን፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊውን፣ በሁለት ክፍል አስገቡን። ለእያንዳንዳችን «ጨው» ወይም «ቡና» ይሉናል፤ እኛ «አዎን» ወይም «አይደለም» እንላለን። ሁለታችንም «ቡና» ከተባልን መልሳችን ይለያይ፤ በቀረው ሁሉ ይግጠም። አስቀድሞ መማከር ተፈቅዷል።

ተማክረን ገባን፤ ለሁለታችን ሊደርሱ ከሚችሉት አራት የጥያቄ ጥንዶች በአንዱ ወደቅን። ምክራችንን ለወጥን፤ በሌላው ወደቅን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብንደክምም ከአራት ሦስት አላለፍንም።

«ቅንጣቶቹስ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ላባቸውን እየጠረጉ።

«እኛ ከመቶ ሰባ አምስት አገኘን፤ እነርሱ ግን፣ ገጹ እንደሚለው፣ በእንዲህ ያለ ፈተና ሰማንያ አምስት ያህል ያገኛሉ።»

«ይኸው! ተላልከዋል!»

«የአንዱን መልስ ለብቻው ቢያዩት ግን እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው፤ ምንም መልእክት አይነበብበትም።»

«ታዲያ እንዴት በለጡን? ከበለጡንስ መቶውን ለምን አልሞሉም?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«ማን ያውቃል?»

«ገጹ እዚያ ላይ ተቀዷል። ሙሉ ቢሆንም የሚነግረን አይመስለኝም።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንተስ ገብቶሃል?»

«አልገባኝም።»

«የራሱን ምስጢር የማያውቅ ሰላይ! ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ? ይሂዱ፣ መምህር፣ ቤትዎ ይሂዱ!»

ያላወቀውን «አውቃለሁ» የሚል መምህር ያን ዕለት ቤቱ ባልገባ ነበር። ነገሩ ለእኔ እስከ ዛሬ እንደ ጉም ነው።

መምህር ዘነበ በዲላ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተማሩ፤ ስለ ቅንጣቶቹም ስምንት ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ ጻፉ። መልሱን አላገኙም።