የጀሶው መንጋጋና ቆጮው

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ሐያትን ይዤ አዲስ ከተማ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። መንጋጋዋ የኔኑ ነው የወረሰው፣ ምን ታድርግ! ሐኪሙ አጥንቷን ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ ያሽከረክረዋል፤ እዚህ ጋ ይቆረጣል፣ ወዲህ ይገፋል ይላል። ልጅቷ ሳትደነግጥ ታያለች። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ መናኸሪያ ሰፈር፣ ወደ አጎቴ ቤት ሄዷል።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ። የታችኛው መንጋጋዬ ወደ ፊት ወጥቶ የፊት ጥርሶቼ አይገናኙም ነበር። ይሄ ኮምፒውተር የት ነበር ያኔ? ሐኪሙ የላይኛውን መንጋጋዬን ቅርጽ አንድ፣ የታችኛውን ሁለት አድርጎ በጀሶ ሠራ። ከታችኞቹ አንዱን እንዳለ ተወው፤ ሌላውን በመጋዝ ቆርጦ ወደ ኋላ ገፋና በሰም አጣበቀው።

"በቀዶ ሕክምናው የምናደርገው ይህንኑ ነው። ቤተሰብሽን አሳዪበት፤ እንዳይሰበር ብቻ!" ብሎ በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ከነእናቴ ያስጠጉን አጎቴ ጋሼ ሸምሱ ነበሩ። እሳቸው እሺ ካላሉ ነገሩ አበቃ። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ምሳ ቀርቦ ቆጮው ከጎመንና ከአይብ ጋር ትሪ ሞልቷል። ካርቶኑን ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሻሽ ስሸፍነው የኖርኩትን አፍ የአጎቴ ልጆች እየተቀባበሉ ያገላብጡት ጀመር። ያ አላህ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

"ለመልክ ብለሽ አላህ የሰጠሽን አጥንት ልታስቆርጪ?" አሉ ጋሼ። "በኔ ቤት አይሆንም!"

"ኧረ ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩት" አለች እናቴ።

ጋሼ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ ሳይፈትሹ አይገዙም፣ ሳይፈትሹም አይመልሱም። ያልተቆረጠውን መንጋጋ አነሱና ከላይኛው ጋር ገጥመው፣ በፊት ጥርሶቹ መሃል ቆጮ አስገቡ።

"ይሰበራል!" ብዬ ጮህኩ።

አልሰሙኝም። ጫን አድርገው ቆጮውን ሳቡት፤ ሙሉውን ወጣ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ወጣ። በሰም የተጣበቀውን አንስተው እንደዚያው ሲያደርጉ ግን ጥርሶቹ ቆጮውን ነክሰው ያዙት።

ጋሼ ትሪው ላይ በኔ በኩል የቀረውን ቆጮ አዩ፤ አልተነካም ማለት ይቻላል። እዚያ ቤት ስሜ "ኩራተኛዋ" ነበር። ትንሽ ትንሽ ቆርሼ በጎን ሳላምጥ ሌላው ይጨርሳል፤ ሲያዩኝም አፍራለሁና "ጠገብኩ" ብዬ እነሳለሁ።

"ለካ እየራበሽ ነው የምትነሺው?" አሉ።

አለቀስኩ።

"በቃ፣ በቃ። ቀጠሮሽ መቼ ነው? እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።"

ወሰዱኝም፤ አላህ ይዘንላቸው። ሰው ሁሉ ፊቴን ሲያይ ነው የኖረው፤ መራቤን ያየ ግን አልነበረም፣ እናቴ እንኳ። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ገለጻውን ጨርሶ "ጥያቄ አላችሁ?" አለን። እኔ ወደ ሐያት ዞርኩ።

"እንደው የኔ ልጅ፣ ዛሬ ምን በላሽ?"

አጥንቷ ሲቆረጥ በኮምፒውተር እያየች ያልደነገጠችው ልጅ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።